ጥሻውን ሳያጠፉ የተኩስ መስመር መክፈት

ጥሻ ለአዳኝ ሁለት ነገር ነው። አጋዘኑን ወደ መሬትዎ የሚያመጣው እሱ ነው፤ አጋዘኑ ከመጣ በኋላ ጥይትዎን ወይም ፍላፃዎን የሚያስተውም እሱው ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያይና መጋዝ አንሥቶ በአንድ ቅዳሜ ግማሹን ጫካ አራግፎ ይመለሳል። የአደን ወቅት ሲደርስ ከማማው ላይ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታየዋል፤ አጋዘን ግን አይታየውም። የተኩስ መስመር መክፈት ማለት ጫካ ማጽዳት ማለት አይደለም። በጥሻው ውስጥ ጥቂት ጠባብ ክፍተቶችን ለይቶ መመንጠርና የቀረውን እንዳለ መተው ነው። ከሁለቱ የሚከብደው መተዉ ነው።

የምጽፈው በቨርጂኒያ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ለሚያድን ሰው ነው፤ ለምሳሌ ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከፌርፋክስ ተነሥቶ ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ ወይም ወደ ብሉ ሪጅ ተራሮች ግርጌ ለሚነዳ፣ ጥቂት ሄክታር ጫካ ለገዛ ወይም ከባለ መሬት ፈቃድ ላገኘ ሰው። ሌላ ስቴት የሚያድን አንባቢ ቀኖቹንና ሕጎቹን ከራሱ ስቴት ይመልከት፤ የምንጠራው ሥራ ግን ብዙም አይለይም። መሬቱ የሰው ከሆነ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይለዩ፦ የማደን ፈቃድ የመቁረጥ ፈቃድ አይደለም። ባለ መሬቱን ይዘው ቦታው ድረስ ይሂዱ፤ የትኛውን ዛፍ እንደሚቆርጡ በጣትዎ እያሳዩ ይጠይቁ፤ የተስማሙበትን በጽሑፍ ይያዙ። ወሰኑ በግልጽ ካልታወቀ ወሰን አካባቢ አንድም ግንድ አይንኩ።

የጥይቱ መጨረሻ

መስመር የሚመረጠው ከአጋዘኑ ሳይሆን ከጥይቱ መጨረሻ ተነሥቶ ነው። እንደ 30-06 ያለ የተለመደ የአደን ጠመንጃ ጥይት የሚያቆመው ካላገኘ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ በካርታና በሳተላይት ምስል ላይ ቤቶችን፣ መንገዶችን፣ የእግረኛ መሄጃዎችንና የጎረቤት በረቶችን ምልክት ያድርጉባቸው። ወደ እነዚህ የሚያመራ አቅጣጫ ምንም ያህል የአጋዘን ዱካ ቢበዛበት ከዝርዝርዎ ይውጣ። ዛፍ ጥይት ያቆማል ብለው አይመኑ። የሚታመነው አፈር ነው፤ መስመሩ ዳገት ላይ ወይም ከፍ ባለ የወንዝ ዳር ግድግዳ ላይ ማለቅ አለበት። የኮረብታው ጫፍ ላይ ደርሶ ከኋላው ሰማይ ብቻ የሚታይበት መስመር በፍጹም አይከፈትም።

ከማማ ላይ ሲተኮስ ጥይቱ ወደ መሬት ስለሚያዘነብል ችግር የለም የሚሉ አሉ። ሒሳቡን ቢሠሩት ግን እንዲህ ነው። በ5 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠው 20 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር ቢተኩሱ ጥይቱ 14 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ያዘነብላል፤ ከአጋዘኑ አልፎም ቶሎ አፈር ይገባል። ርቀቱ 100 ሜትር ሲሆን ግን ዝንባሌው ወደ 3 ዲግሪ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ አግድም ከመተኮስ ብዙም አይሻልም። ረጅም መስመር የሚከፍት ሰው ዳገት ያስፈልገዋል የምለው ለዚህ ነው።

የካውንቲዎን ደንብም ያንብቡ። በቨርጂኒያ በጠመንጃ አጋዘን ማደን የማይፈቅዱና ሾትገን ብቻ የሚፈቅዱ ካውንቲዎች አሉ፤ ከፍ ካለ ቦታ ካልተተኮሰ የማይፈቅዱም አሉ። የመስመርዎ ርዝመት በዚህ ይወሰናል። የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደንቦቹን በየካውንቲው ዘርዝሮ በየዓመቱ ያወጣል።

መሬቱን ዞሮ ማየት

ለዋናው ሥራ የሚሻለው ጊዜ ፌብሩዋሪና ማርች ነው። የአደኑ ወቅት ስላለቀ አጋዘኖቹን ቢያስበረግጓቸውም እስከ መኸር ይረሱታል፤ ቅጠል ስለሌለ ኦክቶበር ላይ ተሸፍኖ የሚታየው ነገር ሁሉ ግልጥ ብሎ ይገኛል፤ እባብም ገና ወደ ሙቀት አልወጣም። ኤፕሪል ከገባ ወፎች ጎጆ መሥራት ይጀምራሉ። ጥሻ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ወፎች ብዙ ናቸውና ትልቁን ምንጠራ ከዚያ በፊት መጨረስ ተገቢ ነው።

በዚህ ጉዞ መጋዝ አይያዙ። ስልክዎን ወይም ወረቀትና እርሳስ ይዘው ዱካዎቹን ይከተሉ። ወንዱ ቀንዱን ያሸባቸው ትንንሽ ዛፎች ቅርፊታቸው ተልጦ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ በኮቴው የጫራቸው ቦታዎችም ከዛፍ ቅርንጫፍ ሥር ቅጠላቸው ተጠርጎ ይገኛሉ። ከነፋስ በተከለለ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ተዳፋት ላይ ሣሩ የተኛበት ሞላላ ቦታ ካዩ መኝታው ነው። መኝታው ያለበትን ጥሻ በካርታው ላይ ያክብቡትና ከዚያ ወዲያ አንድ ቅርንጫፍ እንኳ እንደማይቆረጥበት ይወስኑ። መሬትዎ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሀብት የለም።

ዛፎቹንም ይለዩ። በአካባቢው ብዙ ዓይነት ኦክ አለ፤ በአዳኝ ዘንድ የሚከበረው ነጩ ኦክ ነው። ፍሬው መራራነቱ አነስተኛ ስለሆነ አጋዘን አስቀድሞ ይመርጠዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥም አብቦ ያፈራል፣ የቀዩ ኦክ ፍሬ ግን ለመብሰል ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። ነጭ ኦክንና የፐርሲመን ዛፍን በሰማያዊ ሪባን ይሰሯቸው፤ እነዚህ አይነኩም። እንዲያውም ዙሪያቸውን የሚሻሟቸውን ትንንሽ ዛፎች ቢያነሡላቸው አብዝተው ያፈራሉ።

ማማው ከመስመሩ ይቀድማል

በልጅነቱ ማሽላ ከወፍና ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ማማ ላይ የዋለ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ማማ የሚሠራው ማሳውም ጠላቱም በሚታይበት ቦታ እንጂ ለመውጣት በሚመች ዛፍ ላይ አይደለም። የአጋዘን ማማም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ከዓይን በፊት ነፋስ መታሰቡ ነው። በመኸር ወራት ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። አጋዘኑ የሚወጣበት ጥሻ በዚያ በኩል ቢሆንና እርስዎ በደቡብ ምሥራቁ ቢቀመጡ ሽታዎ ከእሱ ይርቃል። ማማው ነፋስ ሳይታሰብ ከተሰቀለ የከፈቱት መስመር ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ አጋዘኑ ወደ መስመሩ ከመድረሱ በፊት ያሸትዎታልና።

ከዱካው ያለው ርቀት በመሣሪያው ይወሰናል። በቀስት የሚያድን ሰው ከ20 እስከ 30 ያርድ ውስጥ መሆን አለበት፤ በጠመንጃ ግን ራቅ ማለቱ ይሻላል። ዛፉ ሕያው፣ ቀጥ ያለና ከጀርባው ሽፋን ያለው ይሁን። የደረቀ የአሽ ዛፍ ላይ ፈጽሞ አይውጡ። ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባለው አረንጓዴ ጥንዚዛ በስቴቱ ውስጥ ብዙ የአሽ ዛፍ ገድሏል፤ ደርቆ የቆመ አሽ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል።

ከላይ የሚያይ፣ ከታች የሚያስር

አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ማማው ላይ ወጥቶ በአደን ቀን በሚቀመጥበት አኳኋን ይቀመጣል፤ ሌላው ሪባንና ረጅም እንጨት ይዞ ከታች ይቆማል። ብቻውን የሚሠራ ሰው መሬት ላይ ቆሞ በግምት ይቆርጣል፤ በግምት የተቆረጠ ደግሞ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ምክንያቱም ከመሬት ሲያዩት የሚጋርድ የሚመስለው ቁጥቋጦ ከላይ ሲያዩት አይጋርድም። ከ5 ሜትር ከፍታ 25 ሜትር ላይ ያለን አጋዘን የሚሸፍነው እግሩ ሥር ያለው እሾህ ሳይሆን በመሃል አየር ላይ የተዘረጋ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ያንን ቅርንጫፍ በረጅም ዘንግ መጋዝ ቢያነሡት መስመሩ ተከፈተ፤ ከታች ያለው ጥሻ ሳይነካ ይቀራል።

ከታች ያለው ሰው በእንጨቱ ጫፍ ላይ የአጋዘን ደረት የሚያህል ካርቶን አስሮ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በዱካው ላይ ቀስ እያለ ይሂድ። ላይ ያለው «ታየኝ»፣ «ጠፋብኝ» እያለ ይጮህለታል። የጠፋበት ቦታ ላይ የሚጋርደውን ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ለይቶ ከሰማያዊ በተለየ ሪባን ማሰር ነው። ቀስት የሚጠቀም ሰው ፍላፃ ወደ ላይ ቀስት ሠርቶ እንደሚወርድ አይርሳ፤ ከዓይን መስመር በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ክፍት ካልሆነ ከላይ የተንጠለጠለ ጭራሮ ፍላፃውን ይመታዋል። ጥይትስ ጭራሮን በጥሶ ያልፋል የሚለው አባባል እውነት አይደለም። ከባድ ጥይትም ቢሆን በቀጭን እንጨት አቅጣጫው ይዛባል፤ የተዛባ ጥይት ደግሞ ቆስሎ የሚጠፋ እንስሳ ማለት ነው። የተኩስ መስመር የሚከፈትበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፤ አጋዘኑ በአንድ ተኩስ ሳይሠቃይ እንዲወድቅ።

ለአንድ ማማ ሦስት መስመር ይበቃል፣ ቢበዛ አራት። በየአቅጣጫው የተሠነጣጠቀ ጫካ አጋዘኑን ያስደነግጠዋል፤ እርስዎንም ከሁሉም ወገን ያጋልጥዎታል። መስመሩ ዱካውን ተከትሎ ርዝመቱን ባይሄድ ይመረጣል። ዱካውን አቋርጦ ሲያልፍ አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ይሻገራል፤ ልብና ሳንባው የሚገኙት በጎኑ ስለሆነ ለተኩስ የሚመቸው እሱ ነው። በዱካው ርዝመት ከተከፈተ ግን ፊት ለፊት እያየዎት ይመጣል።

ስፋቱን በተመለከተ ለቀስት ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል፣ ለጠመንጃ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ይበቃል። ነገር ግን አንድ ችግር አለ። የሚራመድ አጋዘን ጠባብ መስመርን በአንድና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያቋርጣል። መስመሩን በሙሉ ከማስፋት ይልቅ ዱካው የሚሻገርበትን ቦታ ብቻ ሦስት ሜትር ያህል አድርጎ ማስፋት ይሻላል። እዚያው ቦታ ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ቀጭን ቅርንጫፍ ካለ አይቁረጡት። አጋዘኖች እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ በአፋቸውና በግንባራቸው እየነኩ ሽታቸውን ይተዉበታል፤ ለዚያ ብለው ይቆማሉ። የቆመ አጋዘን ለመተኮስ ጊዜ ይሰጥዎታል።

ቁርጥ

ለመቁረጥ ሪባን የታሰረበትን ሁሉ በአንድ ቀን አይጨርሱ። ግማሹን ቆርጠው እንደገና ማማው ላይ ይውጡ። ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ሲነሣ ከኋላው የታሰሩት ሦስቱ መቆረጥ አያስፈልጋቸውም። የተቆረጠ ተመልሶ አይቀጠልም። ከማማው ግንድ አጠገብና ከጀርባው ያለውን ሽፋን ደግሞ ጨርሶ አይንኩ፤ ከጀርባዎ ሰማይ ብቻ ካለ እጅዎን ባነሡ ቁጥር ጥላዎ ይታያል።

ከእጽዋቱ መካከል ሳይራሩለት የሚመነጠር አለ። መልቲፍሎራ ሮዝ የሚባለው እሾሃማ ጽጌረዳ ከምሥራቅ እስያ የመጣ ነው፤ በ1930ዎቹ መንግሥት ራሱ አፈር እንዲይዝና አጥር እንዲሆን ብሎ ያስፋፋው ነበር፤ ዛሬ ጫካውን ወርሯል። ኦተም ኦሊቭም እንደዚያው ነው። መስመርዎ ከእነዚህ መሃል ካለፈ መልካም ዕድል ነው፤ የአገሩን ተክል ሳይጎዱ መስመር ያገኛሉ። ትሪ ኦፍ ሄቨን የሚባለውን ዛፍ ግን ዝም ብለው እንዳይቆርጡ። ሲቆረጥ ከሥሩ በደርዘን ያቆጠቁጣል። ለእሱ የሚሠራው ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ቅጠሉ ቀለም እስኪለውጥ ድረስ ባለው ጊዜ ግንዱን በጥቂቱ በጥቂቱ እየፈለጡ ፀረ አረም ማስገባት፣ ከሞተ በኋላ መቁረጥ ነው። ሰብልና ወይን የሚያጠፋው ስፖትድ ላንተርንፍላይ የሚመርጠውም ይህንኑ ዛፍ ነው፤ ነፍሳቱ በቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2018 ዊንቸስተር አካባቢ ተገኝቷል። ምሥራቃዊው ቀይ ሴዳር ግን ክረምትና በጋ አረንጓዴ ስለሆነ ምርጥ መሸሸጊያ ነው፤ የሚጋርደውን የታች ቅርንጫፍ ብቻ ያንሡለት።

ቀጭን ግንድ ሲቆርጡ ከመሬቱ ጋር አስተካክለው ጠፍጣፋ አድርገው ይቁረጡ። በገጀራ በሰያፍ ተመትቶ የቀረ ቀጭን ጉቶ እንደ ጦር ይቆማል፤ ጨለማ ውስጥ የወደቀን ሰው ይወጋል፣ የመኪና ጎማም ይበሳል። ለአብዛኛው ሥራ የሚታጠፍ የእጅ መጋዝ፣ ባለ ረጅም እጀታ የቅርንጫፍ መቀስና የዘንግ መጋዝ ይበቃል። የሞተር መጋዝ የሚያስፈልገው ክንድ ለሚያህልና ከዚያ ለሚበልጥ ግንድ ነው።

የሞተር መጋዝ ከያዙ የራስ ቁር ከፊት መከለያው ጋር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ጓንት፣ ጠንካራ ጫማና ሰንሰለት የሚያቆም የእግር መሸፈኛ ሳይለብሱ አይነሡ። ከትከሻ በላይ አይቁረጡ፤ መሰላል ወይም ማማ ላይ ሆነው መቁረጥማ የማይታሰብ ነው። ጥሻ ውስጥ ከሁሉ የሚያሰጋው ሌላ ዛፍ ወድቆበት ጎብጦ የተያዘ ለጋ ዛፍ ነው። በጎበጠበት በኩል ሲቆረጥ ተወርውሮ ፊት ይመታል። ሐረግ ዛፍን ከዛፍ አስሮ ከሆነ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይጎትታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሐረጉን ይቁረጡ። ከዚያም ወደ ላይ ይመልከቱ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ከሆነ ሥሩ አይቁሙ። ብቻዎን ከሆኑ የሞተር መጋዙ መኪና ውስጥ ይቅር።

ማማው ላይ ሲወጡም ሲወርዱም ሙሉ የሰውነት መታጠቂያ ያድርጉ፤ ከመሬት እስከ መቀመጫው በተዘረጋ ገመድ ላይም ይታሰሩ። በአደን ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው ከማማ በመውደቅ ነው፤ የሚወድቀውም ብዙ ጊዜ ሲወጣ፣ ሲወርድና ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ሲንጠራራ ነው።

ሐረጎቹን ይወቋቸው። ፖይዝን አይቪ በበጋ በሦስት ቅጠሉ ይታወቃል፤ በክረምት ግን ቅጠል የለውም፣ ዛፍ ላይ የተለጠፈ ፀጉራም ገመድ ይመስላል። ዘይቱ በክረምትም ቆዳ ያቃጥላል፤ መጋዝና ጓንት ላይም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የነካዎት እንደሆነ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠቡ፤ መሣሪያዎቹንም ያጥቡ። ከማገዶ ጋር ደባልቆ ማቃጠል ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

መዥገር ሌላው ነው። ሙቀት ባለበት የክረምት ቀን እንኳ ይወጣል። ባለ ጥቁር እግሩ መዥገር የላይም በሽታን ያስተላልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ለማስተላለፍ ከ24 ሰዓት በላይ ቆዳ ላይ መቆየት ስላለበት ማታ ማታ ሰውነትን ፈትሾ መንቀል በአብዛኛው ያድናል። ሎን ስታር የሚባለው ደግሞ እንስቷ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባት ነው። የእሱ ንክሻ አልፋ ጋል የሚባል አለርጂ ሊያስከትል ይችላል፤ ይህ አለርጂ የያዘው ሰው የበሬ፣ የበግ፣ የፍየልና የአጋዘን ሥጋ ሲበላ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሰውነቱ ያብጣል፣ አንዳንዴም ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ላይ ይወድቃል። ክትፎና ጥብስ ለሚወድ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለምና እባክዎ ይጠንቀቁ። ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፤ ልብስና ጫማ ላይ ፐርሜትሪን ረጭተው ካደረቁ በኋላ ይልበሱ፤ ቆዳ ላይ ግን አይቀባም።

ጉቶና ጭራሮ

የተቆረጠ ቁጥቋጦ ካልታከመ በቀጣዩ ዓመት በእጥፍ ይመለሳል። ይህ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ ለጋ ቁጥቋጦ የአጋዘን ቀለብ ነው። የአገሩ ተክል ከሆነ ይተዉትና በየዓመቱ ይከርክሙት። ወራሪ ተክል ከሆነ ግን በቆረጡ በደቂቃዎች ውስጥ የጉቶውን ጠርዝ፣ ማለትም ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ቀለበት፣ ለጉቶ በተፈቀደ ፀረ አረም ይቀቡት። መሃሉ የሞተ እንጨት ስለሆነ መቀባት አያስፈልገውም። በጸደይ መጀመሪያ ጭማቂው ወደ ላይ በሚገፋበት ሰሞን መድኃኒቱ ተገፍቶ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ያድርጉት። የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው መጠን በሕግም የሚያስገድድ ነው፤ ውኃ ዳር የማይፈቀዱ ዓይነቶች አሉ።

ጭራሮውን ማቃጠል አልመክርም። ማቃጠል ግዴታ ከሆነ በቨርጂኒያ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30 ጫካ ወይም ደረቅ ሣር አጠገብ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት እሳት መለኮስ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የምንጠራው ወቅትም ከዚያው ጋር ይገጥማል። ከማቃጠል የሚሻል ጥቅም አለው። አጋዘኖች ከማማዎ በጣም ርቀው ወይም በነፋስ አቅጣጫ የሚያልፉበት ዱካ ካለ ጭራሮውን እዚያ ላይ ደረት ድረስ ይከምሩት። አጋዘን ክምሩን መዝለል ቢችልም በልማዱ በቀላሉ የሚያልፍበትን ይመርጣል፤ ዱካው ወደ መስመርዎ ይዞራል። ጥንቸልም ትገባበታለች።

ለእርስዎም መንገድ ያስፈልግዎታል። ብዙ ሰው የተኩሱን መስመር አሳምሮ ወደ ማማው የሚሄድበትን ይረሳል። ከአጋዘኑ ዱካና መኝታ ራቅ ብሎ የሚዞር፣ ትከሻዎን የማይነካ፣ ጠባብ መሄጃ ይመንጥሩ። ከወቅቱ በፊትም ቅጠሉን ጠርገው አፈሩን ያውጡት፤ በደረቅ ቅጠል ላይ የሰው እርምጃ በንጋት ጸጥታ ሩቅ ይሰማል።

ጠመንጃ የሚጠቀሙ ከሆነና መስመሩ ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ክሎቨር ሊዘሩበት ይችላሉ። የዚህ አገር የጫካ አፈር አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ ስለሆነ አስቀድሞ ማስመርመርና ኖራ መጨመር ያስፈልጋል፤ ዘሩን በኦገስት መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይበትኑ። ዘርቶ ማብቀል ይፈቀዳል፤ በቆሎ ወይም ሌላ መኖ አፍስሶ ማባበል ግን ክልክል ነው። በቨርጂኒያ አጋዘን መመገብ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ ድረስ የተከለከለ ነው፤ በአንዳንድ ካውንቲዎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ።

በኦገስት እንደገና

ፌብሩዋሪ ላይ የከፈቱት መስመር ጁላይ ላይ ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል። ቅጠል የለበሰ ቅርንጫፍ ከክብደቱ የተነሣ ዝቅ ስለሚል ክረምት ላይ ከመስመሩ በላይ የነበረው አሁን መሃሉ ላይ ይገባል። ስለዚህ በጁላይ መጨረሻ ወይም በኦገስት መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ከተቻለ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ የእጅ መጋዝና መቀስ ብቻ ይዘው ይግቡ። ዝናቡ ሽታዎን ያጥበዋል። እንደገና ማማው ላይ ወጥተው የካርቶኑን ሥራ ይድገሙ፤ የተኩሱን ርቀት በመለኪያ ለክተው 20ና 30 ያርድ ላይ ያለ ድንጋይ ወይም ግንድ በአእምሮዎ ይያዙ። ሪባኖቹን ሁሉ ፈተው ይውጡ። ጫማዎን ይቦርሹ፣ የማጨጃ መኪናም ከነበረ ይታጠብ፤ ጃፓኒዝ ስቲልትግራስ የሚባለው ወራሪ ሣር ከመስመር ወደ መስመር የሚሻገረው በጫማና በጎማ ላይ ተጣብቆ ነው።

ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ አይግቡ። የቀስት ወቅት በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይጀምራል፤ የጠመንጃው በኖቬምበር አጋማሽ፣ ወንዶቹ ሴቶቹን በሚያሯሩጡበት ሰሞን ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፣ በኖቬምበር 24 ገደማ ስለሚገባ ለጾመኛ ቤተሰብ ትኩስ ሥጋ የሚበላባት የጠመንጃ ወቅት ከሳምንት ብዙም አትበልጥም፤ የቀረው ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል። ያንን ሳምንት መስመር በመቁረጥ እንዳያባክኑት። በጠመንጃ ወቅት ብርቱካናማው ወይም ደማቅ ሮዙ ቆብ ወይም ሰደርያ ግዴታ ነው፤ አጋዘን ብርቱካናማን ለይቶ ስለማያይ አደንዎን አይጎዳም።

በወቅቱ መሃል አንድ ቅርንጫፍ ተሰብሮ መስመር ላይ ቢወድቅ ወይም ያላዩት ጭራሮ ተኩስ ቢከለክልዎ ያን ቀን አይተኩሱ። እኩለ ቀን ላይ፣ ነፋሱ ጥሻውን በሚያንኮሻኩሽበት ሰዓት ወርደው በእጅ መቀስ ያንን አንዱን ብቻ ያንሡት፤ የቆረጡትን ይዘው ይውጡ፤ ሌላው ለፌብሩዋሪ ይቆይ።